ሐዲዱ የተነሣበት መንገድ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ከናንተ ናፍቆት በቀር ደኅና ነን።

በስልክ «ያ ባቡር ይሄድበት ነበር ያልከኝ መንገድ ለኔ ይሆናል ወይ?» ብለህ ስትጠይቀኝ መስመሩ እየተቆራረጠ በቅጡ አልመለስኩልህም። ይሆናል አባዬ። ዕድሜውን ሙሉ ሐዲድ ሲጠግን ለኖረ ሰው ከዚህ የተሻለ የእግር መንገድ በዚህ አገር አላውቅም። ግን በረሃ ነው፤ ጠባዩም ከድሬዳዋ ሙቀት ይለያል። በኅዳር ስትመጡ የኔ የሥራ ፈረቃ ስለማይመች የሚወስዳችሁ የእህቴ ልጅ ነው። እሱም ይስማው ብዬ ነው ሁሉንም ዘርዝሬ የምጽፈው፤ አማርኛ ማንበብ ላይ ገና ስለሆነ አንተ ታነብለታለህ። ሰዓቱን የምጽፍልህ በኛ አቆጣጠር ነው፤ ዓመቱ ግን በፈረንጆቹ ነው።

ቦታው ሌክ ሚድ ይባላል። የኮሎራዶ ወንዝ ሁቨር ግድብ ላይ ታግዶ የተፈጠረ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ከላስ ቬጋስ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በመኪና 40 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሄንደርሰንን አልፋችሁ፣ ቦልደር ሲቲ የምትባለውን ትንሽ ከተማ ተሻግራችሁ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ስትወርዱ የጎብኚዎች ማዕከሉን ታገኛላችሁ። የመንገዱ መነሻና የመኪና ማቆሚያው ከማዕከሉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። የመግቢያ ክፍያ የሚሰበሰብበት ኬላ ከዚያ ወዲያ ስለሆነ ለዚህ መንገድ ብቻ የሚመጣ ሰው አይከፍልም።

አሁን ስለ ሐዲዱ። ግድቡ ሊሠራ ሲል፣ በ1931፣ ከቦልደር ሲቲ እስከ ግድቡ ቦታ ዕቃ ማመላለሻ ሐዲድ ተዘረጋ። ግድቡ በ1935 ተመረቀ። ሐዲዱ ግን እስከ 1961 ድረስ ለኃይል ማመንጫው ዕቃ ሲያደርስ ቆይቶ በሚቀጥለው ዓመት ተነቅሎ በቁራጭ ብረትነት ተሸጠ። የቀረው መደላድሉ ነው፤ እግረኛ የሚሄደውም በዚያ ላይ ነው።

ባቡር አቀበት እንደማይወድ ለአንተ አልነግርህም። መሐንዲሶቹ ተራራውን ከመውጣት ይልቅ በድማሚት በስተው አምስት ዋሻ አወጡለት፤ ከዋሻው የወጣውን ድንጋይ ደግሞ በመካከል ያሉትን ሸለቆዎች ሞሉበት። ስለዚህ ከመነሻው እስከ አምስተኛው ዋሻ ድረስ መንገዱ ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። ሰፊ ነው፤ ሦስት ሰው ጎን ለጎን እያወራ ይሄድበታል። ላዩ የተጠቀጠቀ አፈርና ጠጠር ነው፤ ደረጃ የለውም፤ በእጅ እየተያዘ የሚወጣ ገደል የለውም። አንተ ዓይንህን ጥለህ የት ጋ እንደተቆረጠና የት ጋ እንደተሞላ ትለያለህ፤ ሌላው ሰው ዝም ብሎ ነው የሚያልፈው። ሙሌቱ ላይ ስትደርስ ጠርዙ ጋ ቆመህ ቁልቁል እይ፤ ድንጋዩ ሹል ሹል እንደሆነ ነው የተደፋው፤ ጎርፍ ያንከባለለው ድንጋይ እንዳልሆነ ያስታውቃል። ጠርዙ ግን ልል ስለሆነ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብለህ ነው።

ዋሻዎቹ እያንዳንዳቸው 90 ሜትር ያህል ይረዝማሉ፤ ስፋታቸው ደግሞ ወደ 7 ሜትር ተኩል ነው። በአንድ ሜትር ሐዲድ ላይ ለኖረ ሰው ይህ ስፋት ከልክ ያለፈ ይመስለዋል። እዚህ አገር ሐዲዱ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ነው፤ ለሱም ቢሆን ይህን ያህል አያስፈልገውም ነበር። ያን ያህል የሰፋው ለግድቡ የሚገቡት ግዙፍ ዕቃዎች እንዲያልፉበት ታስቦ ነው። አምስተኛው ዋሻ በ1990 ሰው ሆን ብሎ በለኮሰው እሳት ተቃጥሎ ተዘግቶ ነበር፤ ታድሶ የተከፈተው በ2001 ነው። ከመነሻው ወደ መጀመሪያው ዋሻ ስትሄዱ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ገደሉ ውስጥ ትልልቅ የኮንክሪት ቁራጮች ወድቀው ይታያሉ። የመጨረሻዎቹ ተርባይኖች ሲገጠሙ ከግድቡ ተፈልቅቀው የወጡ ውታፎች ናቸው።

ርቀቱን በደንብ ያዝልኝ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ምልክቶቹ የሚናገሩት በማይል ነው፤ አንድ ማይል 1.6 ኪሎ ሜትር ነው። ከመኪና ማቆሚያው እስከ መጀመሪያው ዋሻ አንድ ማይል ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ዋሻዎቹ ይቀራረባሉ፤ የአምስተኛው ዋሻ ጫፍ ከመነሻው 2.2 ማይል ገደማ፣ ማለትም ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ይሆናል። እስከ ግድቡ ከተሄደ 3.7 ማይል፣ 6 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ ሁሉ የመሄጃው ብቻ ነው፤ መመለሻውም ያው ነው። በአንተ እርምጃ፣ በሰዓት ሦስት ኪሎ ሜትር ብንለው፣ እስከ አምስተኛው ዋሻ ደርሶ መመለስ ከዕረፍቱ ጋር ሦስት ሰዓት ይወስዳል።

ጣጣውን የሚያመጡት ዋሻዎቹ ራሳቸው ናቸው። ከአንዱ ስትወጣ የሚቀጥለው አፉን ከፍቶ ይታይሃል፤ ሰው «ይችን ብቻ ልጨምር» እያለ ሳያውቀው ይርቃል። መሄጃው ጠዋት ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ እግርም ትኩስ ነው። መመለሻው ላይ ፀሐዩ ይበረታል፣ ውሃው ያልቃል፣ የደከመው ጉልበት የቀረውን መንገድ ያረዝመዋል። ስለዚህ የምትመለሱበትን ቦታ አንተ በጉልበትህ ልክ አትወስነው፤ ሰዓቱና ውሃው ይወስኑት። ከተነሳችሁ አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሞላ ወይም ከያዛችሁት ውሃ ሲሶው ሲያልቅ፣ ከሁለቱ የቀደመው በደረሰበት ቦታ ትመለሳላችሁ። ዋሻ መካከልም ብትሆኑ ትመለሳላችሁ። የጀመርከውን ሳትጨርስ መተው እንደማትወድ አውቃለሁና ነው ይህን አጥብቄ የምልህ። ለመጀመሪያው ቀን ሁለተኛውን ዋሻ አልፎ መመለስ በቂ ነው፤ ሐይቁ በደንብ የሚታየውም እስከዚያ ባለው ነው። አምስቱን ለማዳረስ ከፈለግክ ሳምንት ቆይቶ ሌላ ቀን አለ።

ከአምስተኛው ዋሻ ወዲያ ወደ ግድቡ አትውረዱ። እዚያ መንገዱ የባቡር ጠባዩን ትቶ ቁልቁል ይሄዳል፤ የወረዱትን ደግሞ በድካም ላይ መውጣት ይመጣል። ሲመሽም በሩ ይዘጋል። ግድቡን ለማየት ሌላ ቀን በመኪና መሄድ ይሻላል።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ውሃው። አንተ ሙቀት ታውቃለህ። ድሬዳዋ ላይ ሲሞቅህ ያልብሃል፣ ሸሚዝህ ይርሳል፣ ውሃ ትጠጣለህ፤ ሰውነትህ ራሱ ያስታውስሃል። እዚህ አየሩ በጣም ደረቅ ስለሆነ ላብ ገና ከቆዳ ሲወጣ ይተናል። ሸሚዝህ ደረቅ ነው፣ ግንባርህ ደረቅ ነው፤ ያላበህ አይመስልህም። በኅዳር ደግሞ ቀኑ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚሆን ጭራሽ ሙቀት አይሰማህም፤ ግን በላብም በትንፋሽም ውሃው እየወጣ ነው። በዚህ ላይ ዕድሜ ሲገፋ የጥማት ስሜት ይደክማል፤ ሰውነት ውሃ ጎድሎበት ሳለ አልጠማኝም ይላል። ስለዚህ ሲጠማህ ብለህ አትጠብቅ። በየ15 ደቂቃው የእህቴ ልጅ ስልኩ ላይ ደወል ይሙላ፤ በተደወለ ቁጥር ቆማችሁ ሦስት አራት ጉንጭ ትጠጣላችሁ። በአንድ ጊዜ ጠርሙስ ሙሉ መገልበጥ አይጠቅምም፤ ሆድ ይነፋል፣ ቶሎ ወደ ሽንት ይሄዳል፤ ምንም ሳይበሉ ብዙ ውሃ ብቻ መጠጣትም የሰውነትን ጨው ያሳጥና ራስ ያዞራል።

ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሊትር ያዙ። መንገዱ ላይ ቧንቧም ሱቅም ስለሌለ ከቤት ካልተያዘ የለም። ሁለቱን ሊትር በአንድ ትልቅ ጠርሙስ አትያዘው፤ በግማሽ ሊትር አራት አድርገው። ስንት እንደቀረህ በዓይንህ ትቆጥራለህ፤ አንዱ ቢፈስ ሌላው አለ። ሌላ አራት ሊትር መኪናው ውስጥ ይቀመጥ፤ ስትመለሱ የምትጠጡት እሱን ነው። ጠዋት ከቤት ሳትወጡ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጡ።

አንድ ነገር ከመምጣትህ በፊት አድርግልኝ፦ የደም ግፊት ኪኒንህን ለሐኪምህ አሳይና «ከዚህ ውስጥ ሽንት የሚያበዛ አለ ወይ? ደረቅ አገር ሄጄ ስራመድ እንዴት ልውሰደው?» ብለህ ጠይቀው። ሽንት የሚያበዛው ኪኒን ጠዋት ተውጦ ወዲያው መንገድ ሲጀመር ውሃውን በሁለት በኩል ያስወጣል፤ ቁጭ ብሎ ሲነሱ ዓይን የሚያጨልመውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። በራስህ ግን አታቋርጠው፤ ሐኪሙ የሚልህን አድርግ። ሽንት ቤት ከመነሳታችሁ በፊት ግቡ፤ «መንገድ ላይ ሽንት ይይዘኛል» ብሎ ውሃ መቀነስ ትልልቅ ሰዎች የሚያደርጉት ነው፤ አደጋውም ከዚያ ይጀምራል።

ትንፋሹን በተመለከተ አትስጋ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ናት፤ ይህ መንገድ ወደ 500 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ከለመድከው አይሳሳም።

ስንቅ ብዙ አያስፈልግም። ከመነሳታችሁ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ በሶ በጥብጣችሁ ጠጡ፤ ቶሎ ይፈጫል፣ ጉልበት ይሰጣል። በሶውም ቆሎውም እዚህ ከኢትዮጵያውያን ሱቆች ስለሚገኝ ሻንጣችሁን አታክብዱ። ለመንገዱ ጨው ነካ ያደረገው ቆሎ፣ ቴምርና ሙዝ ይበቃል፤ ጨው ያለው ነገር ያልኩህ ላብ የሚወስደውን እንዲተካ ነው። እንጀራና ወጥ ስትመለሱ። በሆድ ሙሉ መራመድ እንቅልፍ ያመጣል፣ ደረቅ አፍ ላይ ቅመም ደግሞ ጥማት ይጨምራል። የሙዙን ልጣጭና የቴምሩን ፍሬ እዚያ አትጣሉ፤ እዚያ በረሃ ላይ የወደቀ ልጣጭ ሳይበሰብስ ደርቆ ብዙ ጊዜ ይቆያል።

ሰዓቱ፦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከቤት ተነስታችሁ 3 ሰዓት ሳይሞላ መንገድ ብትጀምሩ ጥሩ ነው። እስከ 6 ሰዓት መኪናው ጋ ናችሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ አጭር ነው፤ ፀሐይ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች፤ ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ የጀመረ ሰው መመለሻው ላይ ይጨልምበታል። ትንበያውን ሲያዩ ቁጥሩ በፋራናይት ነው፤ በግምት ለማወቅ ከቁጥሩ 30 ቀንሰህ ለሁለት አካፍለው። 90 ካለ ቀሩ። በኅዳር እዚያ አይደርስም፤ ቆይታችሁ እስከ ሚያዝያና ግንቦት ከተራዘመ ግን ይደርሳል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉ የተለመደ ነው፤ በዚያ ወራት ይህ ቀላል መንገድ ሰው ይገድላል ብዬ ነው የምነግርህ። ደመና ካንዣበበ ወይም ጎርፍ ይጠበቃል ከተባለም ቤት ዋሉ፤ ደረቅ መሬት ውሃ ስለማይመጥ ዝናቡ ራቅ ብሎ ዘንቦ ጎርፉ በሸለቆው ድንገት ይደርሳል። የድሬዳዋን ደቻቱ ወንዝ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

ልብስ፦ ስስ፣ ነጣ ያለ፣ እጀ ሙሉ ሸሚዝ። ዙሪያውን ጥላ የሚሰጥ ባርኔጣ፤ ከፊት ብቻ ጥላ ያለው ኮፍያ ጆሮና ማጅራትን አይከልልም። ከላይ የሚወልቅ ጃኬት ያስፈልጋል፤ ጠዋት ይበርዳል፣ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ደግሞ ዋሻው ውስጥ ተሰብስቦ ስለሚያልፍ ይጠነክራል። ዋሻ ስትገባ ልበሰው፣ ስትወጣ አውልቀው። ከንፈርህን ቫዝሊን ቀባው፤ እዚህ አየር ላይ በሁለት ቀን ይሰነጠቃል። ጋቢው መኪና ውስጥ ይሁን።

ጫማው ላይ አልደራደርህም። የቆዳ ጫማህ ሶሉ ልሙጥ ነው፤ ጠጠሩ ከሥሩ እየተንከባለለ ያንሸራትትሃል፤ በተለይ መሬቱ ትንሽ ዘንበል ባለበት። ክፍት ጫማም አይሆንም፤ ጠጠር ገብቶ የውስጥ እግርን ያቆስላል፣ ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ እሷ ቁስል ቀላል አይደለችም። የተሸፈነ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ተረከዝን ቆንጥጦ የሚይዝ የስፖርት ጫማ ነው የሚሆነው። ጫማው አዲስ ስለሚሆን አንድ ሳምንት ሰፈር ውስጥ እየሄድክበት ይለምድህ፤ አዲስ ጫማ በመጀመሪያ ቀኑ ሰባት ኪሎ ሜትር ከሄዱበት ተረከዝ ይልጣል። ካልሲው ወፈር ያለ ይሁን። የእግር ጥፍርህንም ከሁለት ቀን በፊት ቁረጥ። ከዘራህን አምጣው፤ ጫፉ ላይ የሚገባ ጎማ እዚህ እገዛለታለሁ፤ ብረቱ ጫፍ ጠጠር ላይ ይስታል።

ዋሻ አፍ ላይ ስትደርሱ ዝም ብለህ አትግባ። ከኃይለኛ ብርሃን ወደ ጨለማ ድንገት ሲገባ ዓይን ለትንሽ ጊዜ ምንም አያይም፤ ዕድሜ ሲጨምር ደግሞ ዓይን እስኪለምድ ይዘገያል። ከአፉ ሁለት ሜትር ያህል ገብተህ ግድግዳውን ተጠግተህ ቁም፣ የፀሐይ መነጽርህን አውልቅ፣ ግማሽ ደቂቃ ጠብቅ። ያኔ መጀመሪያ ጣሪያው ይታይሃል፣ ከዚያ ግድግዳው፦ ያልተለሰነ፣ ድማሚት እንደፈለቀቀው የቀረ አለት፤ አንዳንድ ቦታ ትልልቅ ግንድ ተደግፎለታል። ወለሉ የሚታይህ በመጨረሻ ነው፤ መራመድ የምትጀምረውም ያኔ ነው። ስትወጣም እንዲሁ፤ መነጽሩን ገና ሳትወጣ አድርግ። በዚህ መንገድ ብስክሌት ስለሚፈቀድ ሁልጊዜ ቀኝህን ይዘህ ሂድ፤ ዋሻ ውስጥ የእህቴ ልጅ የእጅ ባትሪ አብርቶ ወደ መሬት ይያዝ። ወደ ጣሪያው አያብራ፤ የሌሊት ወፎች ስላሉ ይረበሻሉ። ጩኸቱም አያስፈልግም፤ ልጆች ማስተጋባቱን ለመስማት መጮኽ ይወዳሉና ንገረው።

ሐይቁ ብዙውን ጊዜ በግራችሁ ይሆናል። ማዶ ላይ አናቱ ጠፍጣፋና ጥቁር የሆነ ተራራ ታያለህ፤ ፎርቲፊኬሽን ሂል ይባላል፣ አናቱ ላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ነው። ያለበት መሬት አሪዞና ነው፤ አንተ የቆምክበት ኔቫዳ። ሐይቁን ዙሪያውን የከበበውን ነጭ መስመር ልብ በል። የድሬዳዋ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እየተጋገረ የሚተወው ነጭ ቅርፊት አለ አይደል? ያው እሱ ነው። ውሃው በፊት እዚያ ድረስ ነበር፤ ሲሸሽ ካልሲየሙ አለቱ ላይ ቀረ። ከ2000 ወዲህ ድርቁ ስለበረታ ሐይቁ እየወረደ መጥቶ በሐምሌ 2022 መጀመሪያ ከሞላበት ከ1930ዎቹ ጊዜ ወዲህ ታይቶ የማይታወቅ ዝቅታ ላይ ደረሰ፤ ከሙላቱ ከ50 ሜትር በላይ ወርዶ ነበር። እኛ ቤት ቧንቧ የሚመጣው ውሃ በአብዛኛው ከዚህ ሐይቅ ነው፤ ደቡብ ኔቫዳ ከሚጠቀመው ውሃ ከአሥር እጁ ዘጠኙ ከኮሎራዶ ወንዝ ነው። ያን ነጭ መስመር ሳይ እኔ ያሳስበኛል፤ አንተም ሳታየው አትለፍ።

መንገዱ ዳር ቅጠሉ ደቃቃ፣ ሰም የተቀባ የሚመስል አረንጓዴ ቁጥቋጦ አለ፤ ክሪዮሶት ይባላል። ሰሙ ውሃው እንዳይተንበት መከላከያው ነው። ሳትቆርጠው ቅርንጫፉን ወደ አፍህ ጠጋ አድርገህ ቅጠሉ ላይ ሞቅ ያለ ትንፋሽ እፍ በልበትና ወዲያው አሽትተው። እዚህ በረሃ ላይ ዝናብ ሲዘንብ አገሩን የሚሞላው ሽታ እሱ ነው። ቀንዱ ወደ ኋላ የተጠቀለለ የዱር በግ ደግሞ ከአለቱ ላይ ሊታያችሁ ይችላል፤ ከ25 ሜትር በላይ አትቅረቡት፣ ምግብም አትስጡት። በአለት ስንጥቅ ውስጥ እጅ ማስገባትና ሳያዩ ድንጋይ ላይ መቀመጥ የለም፤ እባብና ጊንጥ አለ፤ ኅዳር ላይ ብዙም ባይወጡም።

ለእማዬ ሌላ ሐሳብ አለኝ። ጉልበቷ ካመማት ከመነሻው 15 ደቂቃ ሄዳ ሐይቁን አይታ ትመለስ፤ ከመንገዱ ጠፍጣፋነት የተነሣ እዚያ ድረስ አይከብዳትም። ብቻዋን ግን አትመለስ፤ እህቴ ያን ቀን ሥራ ከሌላት አብራት ትሁን፤ ካልሆነ ሁላችሁም አብራችሁ ተመለሱ። በጎቹን ለማየት ደግሞ መራመድም አያስፈልጋትም። ቦልደር ሲቲ ውስጥ ሄምንዌይ ፓርክ የሚባል መናፈሻ አለ፤ የዱር በጎቹ ሣሩን ሊግጡ ከተራራው ወርደው ይመጣሉ። በመመለሻችሁ እዚያ አረፍ በሉ፤ ምሳውንም እዚያ ብሉ።

ብዙ ሰው የሚሄድበት መንገድ ነው፤ ቢሆንም አንድ ነገር ቢፈጠር የምታደርጉትን ልንገርህ። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የባት ቁርጥማት፣ ሲነሱ ማዞር፣ ያለ ምክንያት መነጫነጭ። ከነዚህ አንዱ ሲታይ ወደፊት መሄድ ቀረ። የቅርቡ ጥላ ዋሻ ነው፤ ዋሻዎቹ ከውጪው ይቀዘቅዛሉ። እዚያ ገብቶ መቀመጥ፣ ሸሚዙን አንገቱ ላይ በውሃ ማርጠብ፣ ቀስ እያሉ መጠጣትና ቆሎ መቅመስ ነው። በ20 ደቂቃ ካልተሻለ፣ ወይም ሰውየው ንግግሩ ከተምታታ፣ ሳይጠበቅ 911 ይደወል። የእህቴ ልጅ ሲደውል «ሌክ ሚድ፣ ሂስቶሪክ ሬይልሮድ ትሬይል» ብሎ ስንተኛውና ስንተኛው ዋሻ መካከል እንደሆናችሁ ይናገር፤ ዋሻዎቹን ስታልፉ የምትቆጥሩት አንዱም ለዚህ ነው። ዋሻ ውስጥና ተራራው በተቆረጠበት መካከል ስልክ ሊጠፋ ስለሚችል ሐይቁ ወደሚታይበት ክፍት ቦታ ወጥቶ ይሞክር። መንገድ ስትጀምሩ አንድ መልእክት ይላክልኝ፣ መኪናው ጋ ስትመለሱ ሁለተኛ። ሁለተኛው እስከ 7 ሰዓት ካልመጣ እኔ እደውላለሁ። የደም ግፊትህንና የኪኒኖችህን ስም በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ አስጽፈህ ኪስህ ውስጥ ያዝ፤ ፓስፖርቱን ግን ቤት ተወው፣ መኪና ውስጥም አትተወው።

አሁን ከአንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ያ የሐኪሙ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው የጫማ ልክ ነው። የዚህ አገር የጫማ ቁጥር ከኛ ስለሚለይ ቁጥር አትላክልኝ። ማታ፣ እግር ቀን ውሎ ትንሽ ሲያብጥ፣ ወፍራሙን ካልሲ አድርገህ ወረቀት ላይ ቁምና እማዬ በእስክሪብቶ ዙሪያውን ታስምርልህ። ሁለቱንም እግር፤ እኩል አይሆኑምና። ከተረከዙ እስከ አውራ ጣቱ ያለውን በሳንቲም ለክታ ትጻፍበት፤ አንተም የእሷን አስምርላት። ፎቶውን ለታናሽ እህቴ ስልክ ላኩት፤ ቅዳሜ ሥራ የለኝም፣ ሁለቱንም ጫማ ያን ቀን እገዛለሁ።

ለአክስቴና ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

የሚወድህ ልጅህ